ስለ «ሂደት»፣ «ክር» እና «ሹካ»፦ የሥርዐተ ክወና ቃላትን አተረጓጎም የሚመለከት ሂስ

ከመስቀል አደባባይ ተነሥቶ በደብረ ዘይት መንገድ ቁልቁል የሚወርድ ሰው መሿለኪያን፣ ሪቼንና ጠመንጃ ያዥን አልፎ ላንቻ ይደርሳል። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1906 በቱሪን ከተማ ከተቋቋመው የኢጣሊያ የመኪና ፋብሪካ ነው። የፋብሪካው የጭነት መኪናዎች ከጊዜ በኋላ ከመንገዱ ጠፍተዋል፤ ስሙ ግን የሰፈር ስም ሆኖ ቀረ፤ በ2008 ዓ.ም. በተከፈተው የቀላል ባቡር መስመር ላይም የፌርማታ ስም ሆኗል («ፌርማታ» ራሱ የዚያው አገር ቃል መሆኑን ልብ ይሏል)። በጋራዦች የሚሰማውም ቋንቋ እንዲሁ ነው፤ «ቡሎን»፣ «ዳዶ»፣ «ካቻቢቴ»፣ «ፍሪሲዮን»፣ «ባሌስትራ» የሚለው መካኒክ የባዕድ ቃል እየተናገረ መሆኑ አይታወቀውም። ቃላቱ አማርኛ ሆነዋልና።

በዚሁ ሰፈር በሚገኝ አንድ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ የሚያስተምሩ ወዳጄ፣ ሥርዐተ ክወና ፕሮሰስንና ትሬድን እንዴት እንደሚፈጥር የሚያስረዳ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተመለሰ ማስታወሻ ሰጥተውኝ አስተያየት ጠየቁኝ። ተርጓሚው ማን እንደሆነ አልተገለጸም፤ ማወቁም ለዚህ ጽሑፍ አያስፈልግም። ማስታወሻው የተጻፈው እንግሊዝኛ ሳይገባቸው የኮምፒውተር ሙያ ለሚማሩ ወጣቶች በመሆኑ ዓላማው የሚመሰገን ነው። የስያሜ ምርጫው ግን በብዙ ቦታ ተማሪውን ከመምራት ይልቅ ያስተዋል፤ ማሳቱም በአጋጣሚ ሳይሆን ከዘዴው የመጣ ነው። ተርጓሚው ለእያንዳንዱ የእንግሊዝኛ ቃል በመዝገበ ቃላት የመጀመሪያ ሆኖ የተጻፈውን ፍች እያነሣ አስቀምጧል። ስለዚህ ፕሮሰስን «ሂደት»፣ ትሬድን «ክር»፣ ፎርክን «ሹካ»፣ ኪልን «መግደል» ብሎታል።

ከሁሉ በፊት አንድ ተማሪ ለመምህሩ ያቀረበውን ጥያቄ ልጥቀስ። ማስታወሻው አዲስ የተፈጠረው ልጅ የእናቱን ማህደረ ትውስታ «ይወርሳል» ይላል። ተማሪው፣ «መምህር፣ ልጁ ከወረሰው እናትየዋ ምን ቀራት?» ሲል ጠየቀ። ክፍሉ ሳቀ፤ መምህሩም አብረው እንደሳቁ ነግረውኛል። ነገር ግን ተማሪው የጠየቀው አማርኛውን በትክክል አንብቦ ነው። «ወረሰ» በአማርኛ ከሟች ወደ ቋሚ የሚተላለፍን፣ አንዱ ሲይዘው ሌላው የሚለቀውን ንብረት ያመለክታል፤ በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤቶች ከተወረሱ ወዲህ ደግሞ የአዲስ አበባ ሰው በቃሉ ውስጥ መነጠቅን ጭምር ይሰማል። በሥርዐተ ክወና የሚሆነው ከዚህ የራቀ ነው። እናቲቱ በሕይወት አለች፤ ያላትም አልተወሰደባትም፤ ልጁ የሚያገኘው ቅጂውን ነው። ቅጂውም እንኳ ወዲያው ሙሉ በሙሉ አይገለበጥም፤ ሁለቱም እያነበቡ እስከቆዩ ድረስ ገጾቹ የጋራ ናቸው፤ አንዳቸው ሊጽፉበት ሲነሡ ያ ገጽ ብቻ ይገለበጣል። በአንጻሩ እናቲቱ ከፍታ የነበረው ፋይል በእርግጥ የጋራ ሆኖ ይቀጥላል፤ ልጁ ጥቂት ገጽ አንብቦ ቢቆም እናቲቱ የምትቀጥለው እርሱ ካቆመበት ነው። እንግዲህ «ይወርሳል» የሚለው አንድ ግሥ ሁለት ተቃራኒ ነገሮችን ሸፍኖ አልፏል። ለማህደረ ትውስታው «ቅጂ ይደርሰዋል»፣ ለተከፈተው ፋይል «ይጋራል» ቢባል ኖሮ ጥያቄው ባልተነሣ ነበር።

አሁን ወደ ዋናዎቹ ቃላት እንመለስ። «ሹካ» ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም ይባል ይሆናል፤ እኔ ግን እቆይበታለሁ፤ የስሕተቱ ሥር እዚህ በግልጽ ስለሚታይ ነው። ፎርክ የሚለውን ቃል ለዚህ ነገር በጽሑፍ ያዋለው እ.ኤ.አ. በ1963 ሜልቪን ኮንዌይ ነው፤ ከዚያ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ በተሠራ ሥርዐት ውስጥ ገባ፤ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ ዩኒክስን ሲሠሩ ወሰዱት። ሪቺ በኋላ እንደገለጸው የመጀመሪያው ፎርክ በ27 የአሴምብሊ መስመር ብቻ የተጻፈ ነበር። ቃሉ የሚያሳየው የገበታ ዕቃ ሳይሆን መንገድ ለሁለት የሚከፈልበትን ቦታ ነው። ይህን ነገር አማርኛ ከጥንት ጀምሮ በስሙ ይጠራዋል፤ «መንታ መንገድ» ይለዋል። ጫፉ ለተከፈለ እንጨት «ባላ»፣ ለአውድማው መሣሪያ «መንሽ»፣ ለገበታው «ሹካ» አለው። እንግሊዝኛ ለአራቱም አንድ ቃል መጠቀሙ የእንግሊዝኛ ጠባይ ነው፤ አማርኛ ለይቶ የሚጠራቸውን ነገሮች በእንግሊዝኛ ምክንያት መልሶ የሚያደባልቅበት ምክንያት የለም።

«መንታ» ከመንገዱ በላይ ሌላም ጥቅም ያመጣል። ፎርክ አንድ ጊዜ ይጠራል፤ ምላሹ ግን ሁለት ጊዜ ይመለሳል፤ አንድ ጊዜ ለእናቲቱ፣ አንድ ጊዜ ለልጁ። ሁለቱ በዚያች ቅጽበት አንድ ዐይነት ናቸው፤ የሚያስፈጽሙት ጽሑፍ አንድ ነው፤ የደረሱበትም መስመር አንድ ነው። ማን ማን እንደሆነ የሚለየው ምላሹ ነው፤ ለእናቲቱ የልጇ ቁጥር ይመለስላታል፤ ለልጁ ዜሮ። ይህ ነገር መልኩ መንትዮችን ይመስላል፤ መንገዱም መንታ መንገድ ነው። ስለሆነም ድርጊቱን «መንታ ማውጣት» ብንለው ሁለቱም ትርጉሞች አብረው ይሠራሉ። እርግጥ መንትዮች እኩያ እንጂ እናትና ልጅ አይደሉም የሚል ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል። ተቃውሞው ትክክል ነው። ነገር ግን ስያሜው የድርጊቱ እንጂ የዝምድናው አይደለም፤ ዝምድናውን «እናት» እና «ልጅ» ይገልጹታል። «ወላጅ» ከሚለው ይልቅ «እናት» የመረጥሁት አንድ ፕሮሰስ ሁልጊዜ አንድ ብቻ ስላለው፣ «እናት ድርጅት»፣ «እናት መሥሪያ ቤት» የሚለው አነጋገርም በጽሕፈት ቤቶቻችን የተለመደ ስለሆነ ነው።

ልጁ መንታ ሆኖ ከወጣ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ጥሪ ያደርጋል፤ የእናቱን ፕሮግራም ጥሎ በምትኩ አዲስ ፕሮግራም ይጭናል። ቁጥሩ ያው ነው፤ እናቱም ያችው ናት፤ ውስጡ ግን ሌላ ሆኗል። ማስታወሻው ይህን «ማስፈጸም» ብሎ አልፎታል። መምህሩ በክፍል ውስጥ «ጎጆ ወጣ» ሲሉ ተማሪዎቹ ወዲያው ገባቸው። ይህን እንደ ስያሜ አላቀርበውም፤ የመምህር ማስረጃ ሆኖ ቢቀር ይበቃዋል። በዊንዶውስ ኤንቲ ዘር ባሉ ሥርዐቶች ደግሞ መንታ መውጣት የሚባል ነገር በተለመደው መንገድ የለም፤ አዲሱ ፕሮሰስ ከመጀመሪያው በራሱ ፕሮግራም ይቋቋማል፤ የመጀመሪያው ትሬድም አብሮት ይፈጠራል። ስለዚህ አጠቃላዩ ቃል «መፍጠር» ሆኖ፣ «መንታ ማውጣት» ለዩኒክስ ቤተሰብ ብቻ መወሰን አለበት። ማስታወሻው ሁለቱንም «ሹካ» ማለቱ የቃል ብቻ ሳይሆን የነገርም ስሕተት ነው።

«ሂደት» ከሁሉ የከበደው ነው። ቃሉ ከ«ሄደ» የወጣ፣ በጋዜጣና በመማሪያ መጽሐፍ ሥር የሰደደ፣ «የአብዮቱ ሂደት»፣ «የዕድገት ሂደት» ሲባል የኖረ ነው። ለፕሮሰስ አጠቃላይ ትርጉም እንከን የለውም። በሥርዐተ ክወና ግን ፕሮሰስ መሄድ አይደለም፤ የሚሄድ ነገር ነው። የራሱ ቁጥር፣ የራሱ ማህደረ ትውስታ፣ የከፈታቸው ፋይሎች፣ ፈቃድና መብት፣ እናትና ልጆች አሉት። «ሂደት» የድርጊት ስም ነው፤ የድርጊት ስም በአማርኛ ይጀመራል፣ ይቀጥላል፣ ይቋረጣል፣ ያልቃል እንጂ አይወለድም፣ አይሞትም፣ ንብረትም አይይዝም። በማስታወሻው ውስጥ «ሂደቱ ልጅ ወለደ» የሚል ንባብ ሲመጣ አንባቢው የሚደናቀፈው ስለዚህ ነው።

ይህ የጣዕም ጉዳይ ብቻ ነው የሚል ካለ በአንድ ነገር ይፈተን። በዩኒክስ ቤተሰብ ሥራውን የጨረሰ ልጅ ወዲያው ከመዝገብ አይፋቅም። ማህደረ ትውስታው ይመለሳል፤ ቁጥሩና የፍጻሜው ውጤት ግን እናቲቱ መጥታ እስክትጠይቅ ድረስ በከርነሉ ሠንጠረዥ ላይ ይቆያል። እንግሊዝኛው ይህን ከሄይቲ ተረት በተወሰደ ስም «ዞምቢ» ይለዋል። አሁን በ«ሂደት» እንግለጸው፦ ሂደቱ አልቋል፤ ሂደቱ ግን አለ። ዓረፍተ ነገሩ ራሱን ያፈርሳል። መሄዱ ሲያልቅ ሂደት የለምና። ነገሩ የሚገለጸው፣ ካለቀው ድርጊት የተለየ፣ ስሙ በመዝገብ ሊቀር የሚችል አካል ያለው ቃል ሲኖር ብቻ ነው።

እንዲህ ያለውን ቃል ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። «ሥርዐተ ክወና» የሚለው ስያሜ በጽሑፍ እየተለመደ መጥቷል፤ ይህ ጸሐፊም ከጥሩዎቹ ይቆጥረዋል። ሥሩ «ከወነ» ነው። የሥነ ቃል አጥኚዎች ከዚሁ ሥር «ክዋኔ» እና «ከዋኝ» የሚሉትን አውጥተው ሲጠቀሙ ኖረዋል፤ ግጥሙ አንድ ነው፣ በቃሉ የሚያቀርበው ከዋኝ ግን ብዙ ሊሆን ይችላል፤ እያንዳንዱም ክዋኔ ለብቻው ነው። የፕሮግራምና የፕሮሰስ ልዩነት ከዚህ የተለየ አይደለም። ፕሮግራም በዲስክ ላይ የተቀመጠ ጽሑፍ ነው፤ ያንኑ ጽሑፍ ሦስት ሰዎች ቢከፍቱት ሦስት ፕሮሰሶች ይኖራሉ። ስለዚህ ለፕሮሰስ «ከዋኝ» እንዲባል ሐሳብ አቀርባለሁ። ከዋኝ ይወለዳል፣ ይሞታል፣ ንብረት ይይዛል፤ ከሞተም በኋላ ስሙ በመዝገብ ይቆያል። ከ«ሥርዐተ ክወና» ጋርም ቤተ ዘመድ ነው።

አንድ ወዳጄ ሐሳቡን በጠንካራ ክርክር ተቃውሞታል፤ ክርክሩም መልስ ይገባዋል። በዛሬዎቹ ሥርዐቶች ፕሮሰሰሩ ላይ ተራ የሚሰጠው ለፕሮሰሱ ሳይሆን ለትሬዱ ነው፤ ስለዚህ የሚከውነው ትሬዱ ከሆነ «ከዋኝ» መባል ያለበት እርሱ ነው ይላል። በመጀመሪያው ዩኒክስ እያንዳንዱ ፕሮሰስ አንድ የሥራ መስመር ብቻ ስለነበረው ሁለቱን መለየት አላስፈለገም። በኋላ ተለዩ፤ የፖዚክስ የትሬድ መለኪያ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። በሊነክስ ደግሞ ሁለቱም በአንድ ዐይነት ጥሪ ይፈጠራሉ፤ ጠሪው ማህደረ ትውስታውን፣ ፋይሎቹን፣ ሌላውንም ምን ያህል እንደሚያጋራ ይገልጻል፤ ሁሉን ካጋራ ትሬድ ይሆናል፣ ምንም ካላጋራ ፕሮሰስ። ክርክሩ እውነትነት አለው። የእኔ መልስ ይህ ነው፦ ተጠያቂው፣ ንብረቱን የያዘው፣ በስሙ የሚጠራው ፕሮሰሱ ነው፤ ትሬዱ የሚሠራበት መስመር ነው። አንድ ትሬድ የማይገባውን ማህደረ ትውስታ ቢነካ የሚቀጣው ፕሮሰሱ በሙሉ ነው። መልሱ ክርክሩን ሙሉ በሙሉ ይዘጋል አልልም።

ለትሬድ «ክር» ከሚለው ይልቅ «ፈትል» ይሻላል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። «ክር» ያለቀ፣ ተቀልሞ፣ በመርፌ ቀዳዳ ለመግባት የተዘጋጀ ወይም በአንገት የሚታሰር ነገር ነው። «ፈትል» ከባዘቶው በእንዝርት እየተሳበ የሚረዝመው ነው፤ ግሡ ከስሙ ጋር ይሄዳል፤ «ፈተለ»፣ «ተፈተለ»፣ «ፈታይ» እያለ ይረባል። ትሬድም ያለቀ ነገር አይደለም፤ ትእዛዝ በትእዛዝ ላይ እየተከተለ የሚረዝም ነው። ጀሮም ሳልትዘር እ.ኤ.አ. በ1966 ባቀረበው የጥናት ጽሑፍ ቃሉን የቪክቶር ቪሶትስኪ ሐሳብ ነው ይለዋል፤ ያኔም የታሰበው ስፌት ሳይሆን የማይቋረጥ የቅደም ተከተል መስመር ነበር። አንድ ከዋኝ ብዙ ፈትል ይፈትላል፤ ፈትሎቹ ማህደረ ትውስታውን ይጋራሉ፤ ቁልልና ሬጅስተር ግን ለየራሳቸው ነው። ሁለት ፈትሎች አንድን ቦታ ያለ ተራ ሲጽፉበት የሚፈጠረውን ችግር ማስታወሻው «የሩጫ ሁኔታ» ብሎታል፤ «ሽሚያ» ማለት ይበቃ ነበር።

እዚህ ላይ የሸማኔው ቋንቋ ያጓጓል። «ውል» የሚለው ቃል፣ «የነገሩ ውል ጠፋበት» ስንል እንደምንለው፣ የልቃቂቱን መነሻ ጫፍ ያሳያል፤ በሐሳብ ረገድ ከሁሉ የቀረበው እርሱ ነው። ነገር ግን የዛሬ አንባቢ «ውል» ሲል የሚያስበው ፊርማና ማኅተም ነው፤ «ውሉ ተቋረጠ» የሚል የኮምፒውተር መልእክት የሚያስደነግጠው ሰው ብዙ ይሆናል። ተዘጋጅተው ተራ ለሚጠብቁ ፈትሎች ክምችት «ልቃቂት» ለማለትም አስቤ ነበር፤ ልቃቂት ግን አንድ ረጅም ፈትል የተጠቀለለበት እንጂ የብዙ ፈትሎች ስብስብ አይደለም። ተውሁት።

እንዲህ ከምንደክም እንደ ላንቻ መካኒኮች «ፕሮሰስ» እና «ትሬድ» ብለን ብንቀበል ምን አለበት የሚሉ አሉ። ይህን ወገን በቀላሉ አላየውም። «ቡሎን» ያለ አካዳሚ ምክር አማርኛ ሆኗል፤ ማንንም አላሳተም። ነገር ግን «ቡሎን» ያለው ሰው ዕቃውን በእጁ ይዞት ነበር፤ ቃሉ ባይገልጽለትም ብረቱ ይገልጽለታል። ፕሮሰስን በእጁ የሚይዝ የለም፤ ተማሪው የሚይዘው ቃሉን ብቻ ነው። በዚያ ላይ የመካኒኩ ልማድ ራሱ መበደር ብቻ አይደለም። እንግሊዝኛው ትሬድ የሚለውን የቡሎን ክፍል የላንቻ መካኒክ «ጥርስ» ይለዋል፤ ሲያልቅም «ጥርሱ ተበልቷል» ይላል። ቡሎኑን ተበደረ፤ ጥርሱን ግን ከቤቱ አወጣ። «ትሬድ» ደግሞ በፊደላችን ሲጻፍ ሌላ ጣጣ አለበት፤ በዚያው ሰፈር ግድግዳ ሁሉ ላይ «ትሬዲንግ» የሚል የንግድ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ተማሪው «ብዙ ትሬድ» ሲባል ብዙ ንግድ ቢመስለው አይፈረድበትም።

የሞቱን ቃላት በአጭሩ ላንሣ። ኪል የሚባለው ትእዛዝ ስሙ መግደል ይሁን እንጂ ሥራው ምልክት መላክ ነው፤ በልማድ የሚልከው ቁጥር 15 ከዋኙ ዕቃውን ሰብስቦ እንዲያበቃ የሚጠይቅ ነው፤ ከዋኙ ሊሰማው ወይም ችላ ሊለው ይችላል። ቁጥር 9 ግን እምቢ አይባልም። ስለዚህ «ግደል» የሚለው ለ9 እንጂ ለሁሉ አይሆንም፤ «ምልክት ላክ» ይበቃል። እናቱ ቀድማ የሞተችበትን ልጅ ማስታወሻው «ወላጅ አልባ» ብሎታል፤ «የሙት ልጅ» የቀረበ ነው። በዩኒክስ ልማድ እንዲህ ያለውን ልጅ ቁጥር 1 የሆነው ከዋኝ ይረከበዋል። ለዚህ ርክክብ ከኦሮምኛ የመጣው፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግም የሚጠቀምበት «ጉዲፈቻ» ተሠርቶ የተቀመጠ ቃል ነው። ማስታወሻው «ዳግመኛ ወላጅ መስጠት» ማለቱ የሚያስገርም ነው።

ዞምቢውስ? ተርጓሚው «በድን» ብሎታል፤ የሚያሳዝነው የነገሩን ፍሬ መሳቱ ነው። በድን መሆኑ አይደለም ቁም ነገሩ፤ ሞቱ ለእናቲቱ አለመሰማቱ ነው። ልጁ ሲያልቅ ከርነሉ ለእናቲቱ ምልክት ይልካል፤ እርስዋ ግን የመጠባበቂያውን ጥሪ አድርጋ ውጤቱን እስክትቀበል ድረስ መዝገቡ አይዘጋም። አማርኛ ለዚህ «መርዶ» አለው። ሟቹ ሞቷል፤ መርዶው አልተሰማም፤ ስለዚህ ስሙ ገና ከቋሚዎች ጋር ይጠራል። «መርዶው ያልተሰማ ከዋኝ» ብዬ ጽፌለታለሁ። «ያልተረዳ» ማለት ያጥር ነበር፤ ነገር ግን የዛሬው ተማሪ «ያልገባው» ብሎ ያነበዋል። መምህሩ ቃሉ ለክፍል ይከብዳል፣ በቅርብ ሐዘን የደረሰበት ተማሪ ሊኖር ይችላል ብለው ጠርጥረዋል፤ እኔም ይህን ለመወሰን ከእርሳቸው የተሻልሁ አይደለሁም። ጉዲፈቻ ተቀባዩ ቁጥር 1 የእነዚህንም መርዶ እንደሚቀበል ሲያስረዱ ግን «እድር ነው» ያሉት እርሳቸው ናቸው።

ማስታወሻውን ስመልስ «ሹካ» የሚለውን በየገጹ ሰርዤ «መንታ» ጽፌበታለሁ፤ «ይወርሳል» የሚለውንም እንደየቦታው «ቅጂ ይደርሰዋል» እና «ይጋራል» ብዬ ለይቻለሁ። «ክር» በ«ፈትል» ተተክቷል። «ሂደት» ግን ከአርእስቱ ጀምሮ በሁሉም ገጽ ያለ በመሆኑ አልሰረዝሁትም፤ «ከዋኝ» የሚለውን በእርሳስ ከጎኑ አስቀምጬ፣ ሁለቱን ቃላት በሁለት ክፍሎች አስተምረው የትኛው ተማሪ ስለ መርዶው የሚጠይቀውን ጥያቄ ያለ ስሕተት እንደሚመልስ እንዲያዩ ለመምህሩ ትቻለሁ።